ድንኳኑ ወደ አደይ ለተብርሃን በር ሲጠጋ

ሰው ሁሉ «ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አይዋሽም» ይላል። ይዋሻል። ከምድሩ ፎቶ የባሰ ይዋሻል። የሰርግ ፎቶ አንሺ ቢዋሽ ብጉር ይደብቃል፣ ቦርጭ ያስገባል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ሳተላይት ሲዋሽ ግን ቤት ከነመሠረቱ ያነሣል፤ ገና ያልተሠራ ሕንፃ ያቆማል፤ ማንም ያልጠራውን የለቅሶ ድንኳን አምጥቶ በሰው በር ላይ ይተክላል። ይህን የምለው ከወሬ ሰምቼ አይደለም። በዚህ ሰሞን ውሸት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው» የሚሉም አሉ። እነዚህኞቹ ልክ ናቸው። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ያልታዘዘውን የሚሠራ ፍጡር ቢያንስ አንዳንድ ቀን ያዝንልሃል።

እኔ ካርታ ሠሪ አይደለሁም። መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ትንሽ የካርታ ቢሮ ሪፖርት አቃናለሁ። ባለሙያው «በጥናት ክልሉ ውስጥ የዕፅዋት ሽፋን የመቀነስ አዝማሚያ ተስተውሏል» ብሎ ያመጣልኛል፤ እኔ «ዛፉ እያለቀ ነው» ብዬ እመልስለታለሁ፤ እሱ መልሶ ያረዝመዋል። በዚህ ዓይነት ተከባብረን ኖረናል። ከዚያ በፊት መምህር ነበርኩ። ከሁሉም በፊትና ከሁሉም በኋላ ግን ሥራዬ ማንበብ ነው። ብዙ ያነበበ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ስለ ዋና ሦስት መጽሐፍ ከጨረሰ ወንዝ ሲያይ የተሻገረ ይመስለዋል።

ታዲያ ባለሙያችን ለመስክ ሥራ ወደ አፋር ወረደ፤ ስልክ ወደማይሠራበት የጨው አገር። ሲወርድ አንድ ሥራ በእንጥልጥል ትቶ ነበር፤ የሰሜን ክፍለ ከተማ የአንድ ሰፈር የሳተላይት ሥዕል። ሥዕሉን የሚጠብቀው የመንገድ ካሳ ኮሚቴ ስብሰባውን በሚቀጥለው ወር ያደርጋል ተብሎ ሳለ፣ ድንገት ወደዚህ ሳምንት ሳበው። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። «እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሥዕሉ የተፈለገው በአደይ ለተብርሃን ቤት ምክንያት ነው። አደይ ማለት በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ መቐለ ውስጥ ለትልቅ ሴት ሌላ መጠሪያ የሚፈልግ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ባለጌ። ቤታቸው ወደ ውቅሮ ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብላ ያለች የድንጋይ ቤት ናት። እኔም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከእሳቸው ሁለት አጥር አልፎ በተሠራ አዲስ ሕንፃ ላይ ተከራይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ናቸው። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ደንቡ አጭር ነው። የከተማው ፕላን ከመጽደቁ በፊት የተሠራ ቤት ምትክ ቦታ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሕገ ወጥ ነው፣ ይፈርሳል፣ ድንጋዩንም ባለቤቱ ያነሣል። ባለቤታቸው የይዞታ ካርታውን ጉዳይ ሳይጨርሱ ስላረፉ አደይ እጅ ላይ ወረቀት የለም። ልጅ የላቸውም። ያላቸው ያቺ ቤት ናት። በአጥራቸው በር ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተቀብቶበታል፤ በየቀኑ በእሱ ይወጣሉ፣ በእሱ ይገባሉ። ኮሚቴው ያለው፣ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት የተነሣ የሳተላይት ሥዕል ይምጣ፤ ቤቱ ሥዕሉ ላይ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ነው።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር፤ ሳይገባኝ የሠራሁትን ገብቶኝ ማስረዳት እወዳለሁ። ሳተላይት እንደ እኛ ቀለሙን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። ቀዩን ብርሃን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ ያነሣል። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲከፈት ጥቁርና ነጭ ነው። ሦስቱ አንዱ በአንዱ ላይ ልክ ለልክ ሲነባበሩ ነው እኛ የምናውቀው ቀለም የሚወጣው። ትንሽ ከተዛነፉ፣ ሁለት ጊዜ እንደተመታ የቀበሌ ማኅተም፣ ሁሉም ነገር ሁለት ጠርዝ ያበቅላል። ስለዚህ የሚነባበሩትን የሚያስተካክል ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙም ጥያቄ ይጠይቃል፤ አንተ ትመልሳለህ። ፈተና ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ብትወድቅም ውጤቱን አይነግርህም።

ሥዕሉ የ2003 ነው ተብሏል። አረንጓዴውና ሰማያዊው ፋይል ተከፈቱ። ቀዩ ያለበት ሲዲ ግን አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥበት ስለከረመ አልከፈት አለ። ያ ሰው ማን እንደሆነ መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። መደርደሪያውን ሳገላብጥ፣ በሌላ ማቀፊያ ውስጥ፣ በማርከር «ሰሜን፣ 2003» የተጻፈበት ሁለተኛ ሲዲ አገኘሁ። ውስጡ ቀይ ፋይል አለ። ፈጣሪ ለየዋህ ያዝናል ብዬ ከዚያ ላይ ወሰድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ እየወደቀ ስላስቸገረኝ መጋረጃውን ዘጋሁ። ሦስቱን አነባበርኩ። ሥዕሉ ተከፈተ።

ሰፈራችን በሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዳንዱ ቤት ቀይ ነው። አንዳንዱ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ቀዩ እንደ ቀለም የተቀባ ቀይ አይደለም፤ አምፖል ትኩር ብለህ አይተህ ዓይንህን ስትጨፍን የሚቀረውን ይመስላል። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ቀይ ነበር። ስስ ነው፤ በውስጡ ያሳያል። ሣር ይታያል በውስጡ። መኝታ ቤቴ በሚሆንበት በኩል አንድ የእግር መንገድ አለ፤ ሰው የረገጠው፣ ከብት የረገጠው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አቋርጦ የሚያልፍ። እኔ እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ ነው የምተኛው።

መዛነፍ ነው ብዬ ወደ ጥያቄዎቹ ገባሁ። መጀመሪያ «ከፋይሎቹ የትኛው መሪ ይሁን፣ የትኞቹ ይከተሉ?» አለኝ። ቀዩ ይምራ አልኩ፤ ምክንያት አልነበረኝም፣ አመራር ላይ ምክንያት የሚጠይቅ ስለሌለ። ቀጥሎ «በሁለቱ መካከል የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ምን ያህል ርቄ ልፈልግ?» አለ። ትንሽ አልኩ። በመጨረሻ «ምን ያህል ስሕተት ይፈቀድ?» ብሎ ጠየቀ። በትዳርም በመንግሥት ሥራም ኖሬያለሁ፤ ይህን ጥያቄ በትሕትና የጠየቀኝ ይህ ፕሮግራም የመጀመሪያው ነው።

ቁልፉን ተጫንኩ። የውቅሮው አስፋልት ዳር ለዳር ገጠመ። የድንጋይ ካባው ገጠመ። ቀያዮቹና ሰማያዊዎቹ ቤቶች ግን እንደነበሩ ናቸው። ያኔ ነው ያንን ነገር ያየሁት። በአደይ ለተብርሃን መንደር የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጫፍ ላይ፣ መንገዱን ዘግቶ የተኛ ረዥም፣ አራት ማዕዘን፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ነገር። ከፊት ለፊቱ አንዲት ሰማያዊ ቤት። ሁለቱም በሌላ ሰው አጥር ላይ ወጥተዋል።

ርቀቱን ጨመር አድርጌ ደገምኩ። ሁለቱም ወደ አደይ ለተብርሃን አጥር ጠጋ ብለዋል።

እንደገና ጨመርኩ። አሁንም ጠጉ። አብረው ነው የሚሄዱት፤ ቤቷ ከፊት፣ ያ ረዥም ነገር ከኋላ፣ ሳይቀዳደሙ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ቀብር ሸኚ። የተፈቀደውን ስሕተት ቀነስኩ። ቤቷ በአጥሩ ውስጥ ገባች። ረዥሙ ነገር ኤክስ በተቀባበት በር ፊት ለፊት ቆመ። ከዚያ በኋላ የቱንም ቁጥር ብለውጥ ከዚያ አልተነቃነቀም። የሚሄድበት ደርሷል።

ከካፌው ጎን ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለውን ሰዒድን ጠራሁት። ሰዒድ ከወሎ፣ ከደሴ በኩል የመጣ ነው፤ ትልልቅ ሥዕል የምናትመው በእሱ ማተሚያ ነው። ገና ከበሩ ቆሞ አየውና አልገባም።

«ጋሼ፣ ይሄ ድንኳን ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«መንገድ ዘግቶ ሲቆም ሹፌር ክላክስ ሳይነካ የሚመለስለት ሌላ ምን አለ? የለቅሶ ድንኳን ነው።»

«ቅድም ወዲያ ነበር።»

«ድንኳኑ?»

«ጫፍ ላይ ነበር። እየመጣ ነው።»

ሰዒድ ቢስሚላሂ ብሎ ገባ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሳያስነካ ማመልከት ጀመረ።

«ይቺ ሰማያዊዋ የማን ናት?»

«የጣውላ መጋዘኑ ነበር። ፈርሷል።»

«ይቺስ?»

«ወፍጮ ቤቱ።»

«እሱም ከፈረሰ ቆየ እኮ።»

«ቆየ።»

«ይቺ በጥግ ያለችውስ?»

አላወቅኋትም። እሱ ግን ያውቃታል፤ መጀመሪያ መቐለ ሲመጣ ከአገሩ ልጆች ጋር የተከራያት የቆርቆሮ ቤት ናት። አሁን ቦታዋ ጎሚስታ ነው። ሰዒድ እጁን ሰበሰበ። «ጋሼ፣ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ የለም።»

«ይመስላል።»

«ቀዮቹስ?»

«ቀዮቹ እኛ ነን» አልኩ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሁለታችንም እኩል ወደ አደይ ለተብርሃን አጥር አየን። ቤታቸው ሰማያዊ ናት።

«ሴትዮዋ አሉ አይደል?» አለ ሰዒድ።

«ትናንት ሰላም ብያቸዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

ዛሬ አላየኋቸውም። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው የመጠባበቂያ ባትሪ መጮህ ጀመረ፤ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ብርሃን የስክሪኑ ብቻ ነው፣ የሰዒድ ፊት ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ሆነ። ይህን ልነግረው አስቤ ተውኩት። እሱም የእኔን ፊት እያየ ነበር። 

መብራቱ ሲመለስ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። የተማረ ሰው ሲፈራ አይጸልይም፤ አማራጮችን ይነካካል። ከጥያቄዎቹ ሥር ያልነካኋት አንዲት ሳጥን አለች፤ «የማይመሳሰለውን አስወግድ» የምትል። ምልክት አደረግሁባት። ሥዕሉ ጠራ። ቀዩ ሁሉ ጠፋ፣ ሰማያዊው ሁሉ ጠፋ፤ አስፋልቱ አስፋልት፣ ካባው ካባ ሆነ። በጠፋው ቦታ ሁሉ ጥቁር ቀዳዳ ቀረ። የእኔ ሕንፃ ቀዳዳ ነው። ድንኳኑም ጠፋ። ጥላው ግን አልጠፋም። መንገዱ ላይ፣ የሚጥለው ነገር ሳይኖር፣ ቀጭን ረዥም ጥላ ተጋድሞ ቀረ። በአደይ ለተብርሃን አጥር ውስጥ ደግሞ በመቀስ እንደተቆረጠ የቤት ቅርጽ ያለው ጥቁር ጉድጓድ አለ።

ማፍረሻ ማሽን ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን በአንድ ጣት ጨረስኩት።

«ይቺ ጠርታለች፤ ላትማት?» አለ ሰዒድ። ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። «አትም» ብዬው ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

መንገድ ላይ ራሴን በምክንያት ለማረጋጋት ሞከርኩ። ሰው በሥዕል አይሞትም። እሺ። ቤት በሥዕል ይፈርሳል ግን፤ ኮሚቴው የተቀመጠው ለዚያ አይደል? ታዲያ ቤት በሥዕል ከፈረሰ ሰው የማይሞትበት ምክንያት ምንድን ነው? ማንበብ ይህን ያመጣል። ያላነበበ ሰው ቢሆን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ መንገድ ያያል።

ከበራቸው ፊት ስወርድ ድንኳኑ በሥዕሉ ላይ የቆመበትን ቦታ ላለመርገጥ በጥግ ዞርኩ። በሰላሳ ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር የተከራከሩ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ባላቸው። በሩ ገርበብ ብሏል። አደይ ለተብርሃን የቤታቸውን ጣሪያ እንደ ጥላ በሸፈነችው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር፣ የውሃ ተራ ደርሶ ኖሮ ጀሪካን ያጥባሉ።

«ደኅና ነዎት አደይ?»

«እወ ወደይ፣ ደኅና ነኝ ልጄ። ምነው፣ ከሥራ አባረሩህ?»

«ላይዎት ነው የመጣሁት።»

«አየኸኝ። በል ጀሪካኑን ያዝ።»

ያዝኩ። ሲሞላ ሌላውን ያዝኩ። አጠገባቸው ስቆም የሳሙና ሽታ አላቸው፣ እጃቸው ቀዝቃዛ ነው፣ የውሃ እጅ ስለሆነ ነው እንጂ አልኩ ለራሴ።

«አደይ፣ ከእኔ ጋር ዓዲ ሓቂ ድረስ ቢመጡ። ሥዕሉን አይተው የሚነግሩኝ ነገር አለ።»

«ቤቴ አለች?» አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ይምጡና እንየው።»

«አለች ብትል ኖሮ አልመጣም ነበር» አሉና ነጠላቸውን አነሡ።

ቢሮ ስንገባ ሰዒድ አደይን ሲያይ ከልቡ ተነፈሰ። «እንኳን ደኅና መጡ እናቴ» አላቸው፤ ሰው ከሩቅ አገር ሲመለስ በሚባልበት ድምፅ። ቀዳዳ ያለበትን ሥዕል ዘግቼ፣ ቀይና ሰማያዊውን ከፈትኩላቸው። አካባቢውን አሳየኋቸው፤ አስፋልቱ ይሄ፣ ካባው ይሄ፣ የእርስዎ አጥር ይሄ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ደክሞ ነው ብዬ ላጎላላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ዛፌ የታለች?»

እውነት ነው። ጣሪያዋ ወለል ብሎ ይታያል። ዛፍ የለም። እኔ ያንን ሁሉ ሰዓት ሳፈጥ ያለውን ነገር ስፈራ የሌለውን ነገር አላየሁም።

«ዛፊቱን የተከልኳት ከገብረመድህን ተዝካር በኋላ ነው» አሉ። ገብረመድህን ባላቸው ናቸው። ከዚያ ጣታቸውን ድንኳኑ ላይ አሳረፉ፤ ሰዒድ ያልደፈረውን፣ እኔም ያልደፈርኩትን። «ይሄ የእሱ ለቅሶ ነው። ዕድርተኛው ድንኳኑ በግቢ አልበቃ ስላለው መንገድ ላይ ተከለው። እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ።»

«የት ነዎት?»

«በዚህ በስተቀኝ። ከሴቶቹ ጋር። ከላይ አልታይም እንጂ አለሁ።»

ሰዒድ «ኢናሊላሂ» አለ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። እሳቸው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው፣ ስክሪኑ ውስጥ ባለው ሸራ ሥር ደግሞ እያለቀሱ ነው። አጠገቤ ያሉት ከመካከላቸው የትኛዋ እንደሆኑ ለአፍታ ግራ ገባኝ።

«ያረፉት መቼ ነው?» አልኩ።

«ዘጠና አምስት።»

ሥዕሉ የ2003 ነው። ከ2003 ላይ ስምንት ሲቀነስ ዘጠና አምስት። ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያ የከፈትኩት ሲዲ ከውጭ የተገዛ ነው፤ 2003 የተባለው በፈረንጅ ነው። ከመደርደሪያ ያመጣሁት ሲዲ እዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ 2003 የተባለው በእኛ ነው። አረንጓዴውና ሰማያዊው ፋይል አቶ ገብረመድህን ባረፉበት ሰሞን የተነሡ ናቸው፤ ቀዩ ከዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲህ። ፕላኑ የጸደቀው በሁለቱ መካከል ነው። በአንድ ፊት ላይ ሦስት ዓይን አስቀምጬ፣ አንደኛው ዓይን የሚያየው ሌሎቹ ገና ያልደረሱበትን ዘመን ነው። ሰማያዊው ድሮ የነበረ፣ ቀዩ ኋላ የመጣ። ድንኳኑም የተራመደው ርቀቱን በጨመርኩ ቁጥር ፕሮግራሙ የድሮውን ሥዕል ወደ ትክክለኛ ቦታው ስለሳበው ነው። የአደይ ቤት ሰማያዊ የሆነችው ስለጠፋች አይደለም፤ ኋላ ዛፉ ጣሪያዋን ስለሸፈነው ነው። ይህንን ስሕተት በዓለም ላይ ሊሠራ የሚችለው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በዘመን አቆጣጠራችን ጉዳይ፣ የተሳሳተው ዓለሙ ነው ብዬ ከአንድም ሁለት ጊዜ በአደባባይ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። አሁንም አቋሜ አልተለወጠም። ዓለሙ ግን ሲዲ ሲጽፍ ቢጠነቀቅ።

መፍትሔው ከችግሩ ይልቅ አሳፋሪ ነበር። የሚነባበር ነገር ካለ ነው ማስተካከል የሚያስፈልገው። ሰማያዊውን ፋይል ለብቻው ከፈትኩት። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ወጣ፤ በመሃሉ ነጭ ጣሪያ፣ ከፊቷ ነጭ ድንኳን። ቤቷ አለች። ቁጥር አልተለወጠም፣ ጥያቄ አልተጠየቀም።

«ሰዒድ፣ ቅድም ያተምካትን ቅደዳት» አልኩ።

«የቷን?»

«ቀዳዳ ያለባትን።»

ሰዒድ አደይን አየ፣ እኔን አየ። «እሷን እኮ የኮሚቴው መልእክተኛ መጥቶ ወሰዳት። አትም ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ።»

ስለዚህ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ጥቁርና ነጩን ይዣለሁ፤ ምን እንደተፈጠረ ለማስረዳት ቀይና ሰማያዊውንም ጨመርኩ። ከሲዲውና ከ«አትም» ቀጥሎ ይህ ሦስተኛው ስሕተቴ ነው። እውነትን የያዘ ሰው ማስረዳት የለበትም፤ ሲያስረዳ ይሸታል። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ናቸው፤ ሦስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ደርድረው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ በመጀመሪያው ቤት የለም። ጉድጓድ ነው ያለው። በሁለተኛው ቤቱ ሰማያዊ ነው። በሦስተኛው ነጭ ነው። እርስዎ የትኛውን ያምናሉ?»

«ሦስተኛውን።»

«የመጀመሪያውን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ሁለተኛውን?»

«እኔ።»

«ሦስተኛውንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ» አሉ፣ ሥዕሎቹን በአንድ ላይ ሰብስበው።

አደይ ለተብርሃን ቆሙ። «ሥዕሉን ተውት ደቀይ፣ ልጆቼ። ድንኳኑን እዩት። የባሌ ለቅሶ ነው። ድንኳን ካለ፣ ከጀርባው ቤት አለ። ሰው ሜዳ ላይ አይለቀስለትም።»

«አደይ፣ ድንኳን ለሰርግም ይተከላል።»

«ለሰርግ ቢሆን ሰው ወጥቶ ይጨፍር ነበር። ደጁን እየው፤ ማንም የለም። ሁሉም ውስጥ ነው።»

ሰብሳቢው ሥዕሉን እንደገና አወጡ። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ከዚያ ትንሽ አራቁት። ያቺን ባዶ መንገድ ሲያዩ ፊታቸው ላይ ያለፈውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ፤ መጋረጃ ዘግቼ ከስክሪኑ ፊት ከርሜበታለሁ። ውሳኔያቸውን የተናገሩት ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ነው። ከእንግዲህ ከእኛ ቢሮ ሥዕል አይቀበሉም። በዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ሰዎች ሁዳዴ ከመያዙ በፊት በአካል ቀርበው፣ ያኔ ቤቷ እንደነበረች ይመስክሩ። ካልተገኙ ይፈርሳል። ባለሙያችን ከአፋር ተመልሶ፣ የቀዩን ፋይል ሌላ ቅጂ አግኝቶ፣ ትክክለኛውን ባለቀለም ሥዕል ሠርቶ ቢወስድም «አራተኛ አንፈልግም» ብለው መለሱት። አልፈረድኩባቸውም።

ሁለት ሰው ተገኝቷል። አንዱ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ አንዷ ዓይደር ሆስፒታል በር ላይ ሻይ የሚሸጡ ሴት። የዕድሩ ዳኛ አርፈዋል። ድንኳኑን የተከሉት ሰዎች ግማሾቹ ከተማ ቀይረዋል፣ ግማሾቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ይጎድላል። አደይ በየማታው እየመጡ «ተገኘ?» ይሉኛል፤ እኔም በየማታው ያንን ነጭ ሸራ ከፍቼ አያለሁ። ከሥሩ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ቁጥሩን የቱንም ያህል ብለውጥ አይወጣልኝም።

ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ ወይም አንቺ፤ በዘጠና አምስት ሰሜን ውስጥ፣ ከውቅሮ መንገድ ገባ ብሎ፣ መንገድ ዘግቶ በተተከለ ድንኳን ለቅሶ ደርሰህ ታውቃለህ? ሟቹን ሳታውቅ ጓደኛህን ተከትለህ ገብተህ፣ ንፍሮ ዘግነህ፣ «ነፍስ ይማር» ብለህ ወጥተህ ይሆናል። ያንን ቀን ረስተኸው ይሆናል። ሥዕሉ ላይ ግን አለህ፤ አሁንም እዚያው ተቀምጠሃል። ተነሥና መታወቂያህን ይዘህ ና።